አርክቴክት፣ ኢንጂነርና ላንድስኬፕ በአንድ ቢሮ፦ መሀል አዲስ አበባን ማነው ዲዛይን ሚያደርገው?

ከ2016 አጋማሽ ጀምሮ፣ ማለትም ፒያሳ አካባቢ ማፍረሱ ከተጀመረና የኮሪደር ልማቱ በአራት ኪሎ፣ በቦሌ፣ በሜክሲኮ፣ በሳር ቤት፣ በመገናኛ እያለ ከተዘረጋ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የዲዛይን ወሬ የባለሙያ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ታክሲ ውስጥም፣ ማኪያቶ ላይም፣ ፌስቡክ ላይም ሰው ስለ እግረኛ መንገዱ ስፋት፣ ዘንባባው ለምን እንደተተከለ፣ ስለ ፋውንቴኑ፣ ስለ ህንፃዎቹ ቀለም ያወራል። ወሬው ላይ ግን አርክቴክቱም፣ የመንገድ ኢንጂነሩም፣ የላንድስኬፕ ባለሙያውም፣ ኮንትራክተሩም አንድ ላይ ተደባልቀው "የሰሩት ሰዎች" ይባሉና ምስጋናውም ወቀሳውም ለሁሉም እኩል ይደርሳል። ማን የቱን እንደሚሰራ ያልለየ ሰው ደግሞ ክረምት ላይ አስፋልት ሲጥለቀለቅ ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም።

በዛ ላይ "አርክቴክቸር፣ ኧርባን ዲዛይንና ላንድስኬፕ ኮንሰልታንት" የሚል ታፔላ እየተለመደ መጥቷል። እንዲህ አይነቱ ቢሮ ነው እንግዲህ መልቲዲሲፕሊነሪ ወይም ሁለገብ ሚባለው፣ ህንፃውን፣ ግቢውን፣ መንገዱን፣ አንዳንዴም የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ማለትም የውሃና ፍሳሽ መስመሩን አንድ ቢሮ ውስጥ ያሉ የተለያዩ ባለሙያዎች ሚስሉበት ማለት ነው። ጥያቄው እንዲህ አይነት ቢሮ እንዴት ነው ሚያድገው፣ ሁለገብ መሆኑስ ከተማዋ ላይ በርግጥ ለውጥ ያመጣል ወይ ነው። መልሱን ከወዲሁ ለመናገር፣ ከታፔላው ይልቅ የላንድስኬፕ ባለሙያው ስራው ላይ መቼ እንደገባና ገንዘቡ ከየት እንደሚከፈለው ነው ብዙውን ነገር ሚወስነው።

ላንድስኬፕ ሲባል ምን ምን ይጨምራል

ብዙ ሰው ላንድስኬፕ ሲባል አበባና ሳር ነው ሚመጣለት፣ ህንፃው ካለቀ በኋላ የተረፈው ቦታ ላይ ሚደረግ ማሳመሪያ። ስራው ግን ሚጀምረው አበባው ከመታሰቡ በፊት ነው። መሬቱ የት ተቆርጦ የት ይሞላል ሚለው አለ፣ ይሄ ግሬዲንግ ይባላል። ዝናቡ ሲወርድ ውሃው በየት በኩል ወዴት ይሄዳል ሚለው አለ። ሰው በየት ይራመዳል፣ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው በየት ይወጣል፣ መኪናውና እግረኛው የት ይገናኛሉ ሚለው አለ። ከዛ ነው ወደ ሚታየው ነገር ሚኬደው፣ ንጣፉ፣ ደረጃው፣ የድጋፍ ግንቡ፣ አግዳሚው፣ መብራቱ ሃርድስኬፕ ሲባል ተክሉ፣ አፈሩና ሳሩ ደግሞ ሶፍትስኬፕ ይባላል። አትክልተኛ የተተከለውን ይንከባከባል፣ የላንድስኬፕ አርክቴክት ግን ከሲቪል ኢንጂነሩ ጋር ቁጭ ብሎ የመሬት ከፍታ ቁጥር ላይ ሚከራከር ሰው ነው።

ልደታ ያለው፣ በተለምዶ ህንፃ ኮሌጅ ሚባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር ተጀምሮ ለሀገሪቱ አብዛኛውን አርክቴክትና የህንፃ ኢንጂነር አፍርቷል። በላንድስኬፕ ብቻ የሰለጠነ ሰው ቁጥር ግን ከአርክቴክቱ ጋር ሚወዳደር አይደለም፣ ስለዚህ ብዙ ቢሮ ውስጥ ላንድስኬፑን ሚሰራው ነገሩን በልምድ ያወቀ አርክቴክት ነው። ይሄ በራሱ ነውር የለውም፣ ጎበዝ ሆነው የወጡ አሉ። ታፔላው ላይ "ላንድስኬፕ" ስለተጻፈ ብቻ ግን ውስጥ አፈር ሚያውቅ ሰው አለ ማለት አይደለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም

ሁለገብ ቢሮ የኮሪደር ልማት ያመጣው ፋሽን ሚመስለው ካለ እ.ኤ.አ. ወደ 1960ዎቹ መለስ ማለት ነው። ጣሊያናዊው አርቱሮ መዜዲሚ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀውን አፍሪካ አዳራሽን ሲሰራ ህንፃውን ብቻ ስሎ አልተወውም፣ ዕቃውም የውስጥ ዲዛይኑም አብሮ የታሰበ ነበር፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ስዕልም ህንፃው ውስጥ በኋላ የተሰቀለ ጌጥ ሳይሆን የግድግዳው አካል ነው። ማዘጋጃ ቤቱም የሱ ስራ ነው፣ ከደረጃውና ከፊት ለፊቱ ሜዳ ነጥሎ ማየት አይቻልም፣ ቁልቁል ወደ ቸርችል ጎዳና ሚያይበት አቀማመጥ ነው ግርማ የሰጠው።

በዛው ዘመን ዛልማን ኤናቭና ሚካኤል ቴድሮስ አንድ ላይ ቢሮ ከፍተው ፍልውሃንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሰሩ። አንዱ እስራኤላዊ አንዱ ኢትዮጵያዊ፣ ሽርክናው ራሱ ለዚህ ሀገር ሙያ አንድ ምዕራፍ ነበር፣ ሚካኤል ቴድሮስ በሙያው ከሰለጠኑት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አርክቴክቶች አንዱ ነውና።

ቀረብ ወዳለው ዘመን ሲመጣ ለዚህ ርዕስ ከሁሉም የተሻለው ምሳሌ የኔዘርላንድስ ኤምባሲ ነው። ኔዘርላንዳውያኑ ዲክ ቫን ጋመረንና ቢያርነ ማስተንብሩክ ከራሄል ሻውል የአዲስ አበባ ቢሮ ጋር ሰርተውት እ.ኤ.አ. በ2007 የአጋ ካን የአርክቴክቸር ሽልማትን አግኝቷል። ባህር ዛፍ ያለበት ተዳፋት ግቢ ነው፣ ህንፃው መሬቱን አስተካክሎ ከመቀመጥ ይልቅ ረዘም ብሎ ተዳፋቱ ውስጥ ገብቷል፣ ቀለሙ የአፈሩ ቀይ ነው፣ ጣሪያው ላይ ዝናብ ሚተኛበት ገንዳ አለ። እዛ ጋ አርክቴክቸሩ የቱ ጋ አልቆ ላንድስኬፑ የቱ ጋ እንደሚጀምር መለየት ይከብዳል፣ ሽልማቱም የመጣው ግቢውን ከህንፃው ሳይለዩ በመስራታቸው ይመስለኛል። እርግጥ የኤምባሲ በጀትና የኤምባሲ ግቢ ነው፣ መርካቶ ላይ ህንፃ ሚያሰራ ነጋዴ ያንን ቦታም ያንን ትዕግስትም የለውም።

ቢሮ እንዴት ነው ሚያድገው

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የዲዛይን ቢሮ ብዙውን ጊዜ ሚጀምረው ፈቃድ ባለው አንድ አርክቴክት፣ በአንድ ኪራይ ክፍልና በሁለት ሶስት ወጣት ልጆች ነው። የመጀመሪያው ስራ የዘመድ ቪላ፣ ቀጥሎ የጓደኛ አባት ጂ ፕላስ ፎር ምናምን። ግን ገና ከጅምሩ ብቻውን መቆም አይችልም፣ ምክንያቱም በ2001 የወጣው የህንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ህንፃዎችን በምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ ከፍሏቸዋል፣ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ወይም ህዝብ ሚገለገልበት ህንፃ ምድብ ሐ ውስጥ ይገባል፣ እንዲህ አይነት ህንፃ የግንባታ ፈቃድ ለማግኘት ደግሞ የአርክቴክቸር ብቻ ሳይሆን የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ፕላን ከነማህተሙ ይፈልጋል። ስለዚህ ቢሮው ኢንጂነሮቹን በየፕሮጀክቱ በፍሪላንስ ይይዛል። አንዱ ጠዋት ቦሌ፣ ከሰዓት ሜክሲኮ ለሌላ ቢሮ ይሰራል። ከዚህ የባሰውና ሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ሚያውቀው ነገር ማህተም ማከራየት ነው፣ ስዕሉን አንዱ ይሰራል ፈቃድ ያለው ሌላው ይፈርማል፣ ችግር ሲመጣ ግን ስዕሉን በደንብ ያላየው ሰው ነው ተጠያቂ ሚሆነው።

እንግዲህ ቢሮው ትንሽ ስራ ሲበዛለት ያ አሰራር መሰንጠቅ ይጀምራል። አርክቴክቱ ግድግዳ ሲያነሳ የስትራክቸር ኢንጂነሩ አልሰማም፣ ቢሙ በበሩ መሀል ያልፋል፣ የፍሳሽ ቱቦው ኮለኑ ውስጥ ይገባል፣ ሳይት ላይ ፎርማኑ ስልክ ይደውላል፣ ኮንትራክተሩ ቫሪዬሽን ማለትም የተጨማሪ ስራ ክፍያ ይጠይቃል፣ ባለቤቱ ይቆጣል። በየዘርፉ ስዕል መሀል ሚፈጠረው እንዲህ አይነት ግጭት ክላሽ ይባላል። ኢንጂነሮቹን ቋሚ ደሞዝ ከፍሎ ቢሮ ውስጥ ማስቀመጥ ከክላሹ ኪሳራ ሲረክስ፣ ያኔ ነው ቢሮው በርግጥ ሁለገብ ሚሆነው። ሌላው ምክንያት ደረጃ ነው፣ ትልልቅ የመንግስት ጨረታዎች ላይ ለመወዳደር የባለሙያ ዝርዝር፣ የልምድ ማስረጃና የአማካሪ ደረጃ ይጠየቃል።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የዲዛይን ክፍያ አንዴ የሚመጣና ዋጋ በመስበር ውድድር የተጎዳ ነው፣ ብዙ ቢሮ ሚተነፍሰው በሱፐርቪዥን ማለትም ግንባታው ላይ ቁጥጥር በማድረግ በየወሩ በሚያገኘው ክፍያ ነው። ዲዛይኑ በር መክፈቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግንባታው ሲቆም ቁጥጥሩ ይቆማል፣ ቁጥጥሩ ሲቆም ደሞዝ ይከብዳል። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ፣ የህንፃ ማጠናቀቂያ (ፊኒሺንግ) ዕቃ ከውጭ ሚያመጣ ባለቤት ስራ ሲያቀዘቅዝ ንዝረቱ ዲዛይን ቢሮ ድረስ ደረሰ። በዶላር ሚከፈለው የሶፍትዌር ላይሰንስም እንደዛው፣ ስለ ላይሰንሱ ግን ብዙ ባንናገር ይሻላል።

እዚህ መሀል ላንድስኬፕ የት ነው? ፈቃድ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ሳይት ፕላን ማለትም የቦታው አጠቃላይ ስዕል ላይ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ያልፋል። የኮንትራት ዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ፣ ቢል ኦፍ ኳንቲቲ ሚባለው፣ መጨረሻ ገጽ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ይቀመጣል፣ ህንፃው ከበጀት ሲያልፍ መጀመሪያ ሚሰረዘውም ያ መስመር ነው። የኮሪደር ልማቱ በአንድ በኩል የለወጠው ይሄንን ነው፣ ከህንፃው ውጪ ያለው ቦታ ራሱ ፕሮጀክት ሆነ፣ የራሱ በጀት ያለው። ከሱ በፊትም በ2011 ይፋ የሆነው የሸገር ወንዞች ዳርቻ ፕሮጀክት 56 ኪሎሜትርና 29 ቢሊዮን ብር ተብሎ ነው የተነገረለት፣ ቀጥሎ አንድነት ፓርክ በ2012፣ ወዳጅነት ፓርክና እንጦጦ ተከታትለው ሲመጡ ገበያው ውስጥ ያለ ቢሮ ሁሉ አቅጣጫውን አነበበ። ታፔላው ላይ ቃል ሚጨመረው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው፣ ስራ ባለበት ስም ይከተላል።

ውጪ ያሉት ምን አደረጉ

ከሁሉ በላይ ሚጠቀሰው ስኖሄታ ሚባለው የኖርዌይ ቢሮ ነው። ገና ወጣቶች ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1989 የአሌክሳንድርያን አዲስ ቤተ መጻሕፍት ዓለም አቀፍ ውድድር አሸነፉ፣ ህንፃው በ2002 ተመረቀ። ከመነሻቸው የህንፃና የላንድስኬፕ ባለሙያ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ውጤቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በተከፈተው የኦስሎ ኦፔራ ቤት ላይ ግልጽ ሆኖ ይታያል፣ ጣሪያው ከባህሩ ጀምሮ ሰው ሚራመድበት ተዳፋት ሜዳ ነው። ከዛ በኋላ ቢሮው ወደ ግራፊክስና ምርት ዲዛይን ሄዶ የኖርዌይ ብር ኖት አንዱን ገጽ ሁሉ ሰርቷል፣ ሁለገብነት የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት ጥሩ ነው። ሌላው ኦቬ አሩፕ እ.ኤ.አ. በ1946 ለንደን ላይ የጀመረው ቢሮ ነው፣ እሱ ከኢንጂነሪንግ ተነስቶ ነው ሌላውን ሙያ የጨመረው።

እነዚህን እዚህ መገልበጥ ግን አይቻልም። ስኖሄታን ያሳደገው ክፍት የዲዛይን ውድድር ነው፣ ስም የሌለው ቢሮ በሀሳብ ብቻ ትልቅ ስራ ሚያገኝበት። አዲስ አበባ ላይ ትልልቅ ስራዎች ብዙ ጊዜ ከኮንትራክተሩ ወይም ከለጋሹ ጋር አብረው ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው የአፍሪካ ህብረት ዋና መስሪያ ቤት 200 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ የቻይና ስጦታ ነበር፣ ዲዛይኑም ግንባታውም አብሮ መጣ። የሀገር ውስጥ ቢሮ ከእንዲህ አይነት ስራ ሚማረው ነገር ትንሽ ነው።

ውሃው

መሀል አዲስ አበባ ላይ ላንድስኬፕ ዲዛይን ከምንም በፊት የውሃ ጉዳይ ነው። እንጦጦ ከባህር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አልፎ ቆሟል፣ መሀል ከተማው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አቃቂ በኩል ደግሞ ከዛም ዝቅ ይላል። ከላይ የዘነበው በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በቁርጡሜ፣ በባንቲይቀጡ በኩል ወደ ታች ይወርዳል፣ ዓመቱን ሙሉ ሚጥለው 1,200 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ታጭቆ ነው ሚመጣው።

አሁን ሂሳቡን እንስራ። አንድ ሄክታር ማለትም 10,000 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ በአንድ ሰዓት 30 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥል 300 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ከዚህ ውስጥ ሳይሰርግ በላይ በላይ ሚሄደው ራኖፍ ይባላል። መሬቱ አስፋልት ወይም ሲሚንቶ ያለው ንጣፍ ከሆነ 90 በመቶ ገደማው ይሄዳል፣ 270 ሜትር ኩብ። ደህና አፈር ያለው ሳር ከሆነ ሩብ ገደማው፣ 75 ሜትር ኩብ። 10,000 ሊትር በሚይዝ የውሃ ቦቴ ብንለካው 27 ቦቴና ሰባት ተኩል ቦቴ ማለት ነው፣ ከአንድ ሄክታር፣ በአንድ ሰዓት። ይሄ ውሃ ወደ ዲች ገብቶ ወንዝ ይደርሳል፣ ዲቹ ጠባብ ከሆነ ወይ ፕላስቲክ ከሞላበት መንገድ ላይ ይቆያል።

ስለዚህ አንድ የእግረኛ መንገድ ወይም አደባባይ ሲሰራ ሃርድስኬፕና ሶፍትስኬፑ ስንት በስንት ይሁን ሚለው የውበት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ንጣፉ በሲሚንቶ ታሽጎ ነው ወይስ በአሸዋ ላይ ተቀምጦ ውሃ ያስገባል? የተክሉ ቦታ ከንጣፉ ከፍ ብሎ በኮንክሪት ጠርዝ ታጥሯል ወይስ ዝቅ ብሎ ውሃ ይቀበላል? ብዙ ቦታ ላይ ሚታየው ከፍ ያለው ነው፣ ለዕይታ ያምራል፣ ሰው አይረግጠውም፣ ግን ዝናብ ሲጥል ውሃው አበባውን አልፎ ወደ አስፋልት ይሄዳል፣ በጋ ላይ ደግሞ ያው አበባ በቦቴ ይጠጣል። የከፍታው ልዩነት አስር አስራ አምስት ሳንቲሜትር ነው። የላንድስኬፕ ባለሙያው ገና ግሬዲንጉ ሲሰራ ከነበረ ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ ይስተካከል ነበር፣ ጠርዙ ከፈሰሰ በኋላ ከተጠራ ግን ያለው ምርጫ የአበባው አይነት ብቻ ነው።

ቻይና ውስጥ ይሄን ሀሳብ በሰፊው ያስተዋወቀው ኮንግጂያን ዩ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ቱረንስኬፕ ሚባል ቢሮ ከፍቶ "ስፖንጅ ከተማ" ማለትም ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ሚለቅ ከተማ ሚለውን አሰራር ገፋበት፣ መንግስትም ተቀብሎት በ2015 በ16 ከተሞች ሙከራ ጀመረ። ተቃራኒ ማስረጃም ግን አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ዠንግዡ በምትባለው የቻይና ከተማ ላይ በአንድ ሰዓት ብቻ 200 ሚሊሜትር ገደማ ሲዘንብ፣ ከተማዋ የስፖንጅ ስራ ውስጥ የገባች ብትሆንም ሜትሮው ውስጥ ሁሉ ሰው ሞቷል። ሀሳቡ ለተለመደው ዝናብ ይሰራል፣ ልክ ላለፈው ግን ትልቅ ዲችና ባዶ የወንዝ ዳርቻ ምትክ የላቸውም። አዲስ አበባ ላይ የወንዝ ዳርቻ ስራው ከመንገድ ዳር ስራው የበለጠ ክብደት ሊሰጠው ሚገባው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አፈሩና ዛፉ

ቦሌና ከዛ ወደ ታች ያለው ብዙ ቦታ ጥቁር አፈር ነው፣ ኢንጂነሮች ብላክ ኮተን ሚሉት፣ ሲጠጣ ሚያብጥ ሲደርቅ ሚሰነጠቅ። መንገድ ሲሰራ ይሄ አፈር ተነስቶ ሰሌክት ማቴሪያል ማለትም ለሙሌት የተመረጠ አፈር ይሞላና በሮለር ይጠቀጠቃል። ለመንገዱ ትክክል ነው፣ ለዛፍ ግን ያ የተጠቀጠቀ ሙሌት ከኮንክሪት ብዙም አይለይም። ጉድጓዱ ጠባብ ከሆነ ዛፉ ለሁለት ሶስት ዓመት ከችግኝ ጣቢያ ይዞት በመጣው አፈር ይኖርና ይቆማል፣ አይሞትም አያድግም፣ ወይ ስሩ ወደ ላይ መጥቶ ንጣፉን ያነሳል። በዛ ላይ ከእግረኛ መንገዱ ስር አሁን የውሃ፣ የመብራት፣ የቴሌ መስመር አለ፣ መስመሮቹ መሬት ውስጥ መግባታቸው ትልቅ ጥቅም ነው፣ ግን ለስር ሚተርፈውን ቦታ አጥብበውታል። እነዚህን ሁሉ አንድ ስዕል ላይ አድርጎ ሚያይ ሰው ያስፈልጋል፣ የሁለገብ ቢሮ ዋናው ጥቅም እዚህ ጋ ነው።

ዘንባባው ላይ ያለው ክርክር ሁለት ወገን አለው። ዘንባባን ሚመርጡት በቶሎ ያምራል፣ ቅጠሉ ዲች አይሞላም፣ ስሩ ንጣፍ አያነሳም፣ የህንፃ ፊት አይሸፍንም ይላሉ፣ እውነት ነው። ሚቃወሙት ደግሞ ጥላ የለውም፣ የሀገሩ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ እያለ ለምን ይላሉ፣ እሱም እውነት ነው። ሁለቱም ግን ሚዘሉት ነገር ችግኝ ጣቢያ ነው፣ ሶስት ሜትር የደረሰ ወይራ በሺህ ቁጥር ዛሬ ልግዛ ቢባል ከዓመታት በፊት መዘራት ነበረበት። ፕሮጀክቱ በወራት ሲያልቅ ዲዛይነሩ ሚመርጠው የሚፈልገውን ሳይሆን ገበያ ላይ ያለውን ነው። የኮምፒውተር ምስሉ ላይ፣ ሬንደር ሚባለው ላይ፣ ሁሌም ሃያ ዓመት የሞላው ዛፍ ነው ሚታየው፣ ባለቤቱም ያንን አይቶ ነው ሚፈርመው።

ሁሉም በአንድ ቢሮ መሆኑ ጥሩ ነው?

ጥሩ ነው ሚሉት ተጠያቂነት አንድ ቦታ ይሆናል ይላሉ። ለዚህ ሚጠቅም ምሳሌ መስከረም 2008 የተከፈተው ቀላል ባቡር ነው። 34 ኪሎሜትር ገደማ ሀዲድ በባቡር ኢንጂነሪንግ ዓይን ሲታይ ስራውን ሰርቷል፣ ግን ብዙ ቦታ ላይ ሰፈርን ለሁለት ከፍሎ፣ እግረኛው መሻገሪያ ፍለጋ ብዙ እንዲዞር አድርጎ ነው የተቀመጠው፣ ጣቢያው ዙሪያ ያለው ቦታ የማን ስራ እንደሆነ ሳይለይ ቀረ። የኧርባን ዲዛይንና የላንድስኬፕ ሰው ከጅምሩ ቢኖር የተወሰነው ይቃለል ነበር።

አይደለም ሚሉት ደግሞ ቀላል ክርክር የላቸውም። ሁሉም ሙያ በአንድ ባለቤት ስር ሲሆን ስትራክቸር ኢንጂነሩ አለቃውን "ይሄ አይሆንም" ሊለው ይከብደዋል፣ በተለያየ ቢሮ ሲሆን ግን አንዱ ሌላውን ይፈትሻል። ያው ቢሮ ዲዛይኑንም ቁጥጥሩንም ከያዘ የራሱን ስህተት ራሱ ነው ሚቆጣጠረው። ዲዛይን ቢውልድ ማለትም ኮንትራክተሩ ዲዛይኑንም አብሮ ሚይዝበት ውል ሲመጣ ደግሞ ይብሳል፣ ዲዛይነሩ ደሞዙን ሚያገኘው ዋጋ መቀነስ ከሚፈልገው ሰው ነው። ትንንሽ ላንድስኬፕ ላይ ብቻ ሚሰሩ ቢሮዎች ቢኖሩና ትልልቆቹ ቢቀጥሯቸው ሙያው በተሻለ ይጠልቃል ሚል ሀሳብም አለ፣ ለኔ ይሄኛው ሚያሳምን ነው፣ ግን ውሉ ላይ የነሱ ስራ የመጨረሻ ገጽ አንድ መስመር ሆኖ ከቀረ በየትኛውም አደረጃጀት ያው ነው።

ፍጥነቱና ሰዉ

የኮሪደር ስራው ሌትና ቀን በሽፍት ነው የተሰራው፣ ይሄ ለዲዛይን ቢሮ ምን ማለት እንደሆነ ውጪ ያለ ሰው ብዙም አያስበውም። ስዕል አልቆ፣ ተፈትሾ፣ ጨረታ ወጥቶ ሚጀመረው የተለመደው ቅደም ተከተል የለም፣ ሳይት ላይ እየተቆፈረ ነው ስዕሉ ሚወጣው። በዚህ ፍጥነት መስራት ሚችለው ሰው በብዛት ያለው ቢሮ ነው፣ ስለዚህ አሰራሩ በራሱ ትልልቁን ቢሮ ያሳድጋል። በአንጻሩ ሚቀረው ስራ ነባሩን መለካትና ነዋሪን መጠየቅ ነው። ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ሲነሱ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ሲፈርስ የተነሳው ክርክር ስለ ቅርስ፣ ስለ ካሳና ስለ ማህበራዊ ኑሮ ነበር፣ ስለ ንጣፍ ማንም አልተከራከረም። ደጋፊዎቹ መጸዳጃ እንኳ ያልነበረው ሰፈር ተነስቶ ከተማው ተነፈሰ ይላሉ፣ ተቃዋሚዎቹ እድሩና ገበያው የተበተነበት ሰው ምን ፓርክ ይክሰዋል ይላሉ። የዲዛይን ቢሮ ይሄን አይወስንም፣ ደንበኛው መንግስት ነው። ግን ሁለገብ ነኝ ሚል ቢሮ ውስጥ የማህበረሰብ ጥናት ባለሙያ አለመኖሩ ሚያስጠይቅ ነው፣ ነዋሪው የት እንደሚገበያይ፣ በየት በኩል እንደሚያቋርጥ ሳይታወቅ የተሰራ አደባባይ ቆንጆ ሆኖ ባዶ ሊቀር ይችላልና።

ቀጥሎ ሚመጣው

ከ2009 ጀምሮ እየተሰራበት ያለው የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶ ለአረንጓዴ ቦታ፣ 30 በመቶ ለመንገድና መሰረተ ልማት፣ 40 በመቶ ለህንፃ ሚል መነሻ አለው። መሀል ከተማ ላይ ይሄ ቁጥር ሚሞላው በመንግስት ፓርክ ብቻ አይደለም፣ የግል ግቢዎችና የሪል እስቴት ሳይቶችም መግባት አለባቸው፣ ስለዚህ የላንድስኬፕ ስራ ከመንግስት ወደ ግል ገበያ መሄዱ አይቀርም። ያኔ ትንንሾቹ ቢሮዎች ወይ ይዋሃዳሉ ወይ ለትልልቆቹ ሰብ ማለትም ንዑስ ተቋራጭ ሆነው ይሰራሉ።

ሁለተኛው ገበያ ጥገና ነው። ግንባታው በውል ያልቃል፣ ዛፉ ግን ቢያንስ ሁለት በጋ ውሃ ይፈልጋል፣ ፋውንቴኑ ፓምፕ ይፈልጋል፣ የተነሳ ንጣፍ መልሶ ሚያስቀምጥ ሰው ይፈልጋል። ውሉ ላይ የሁለትና የሶስት ዓመት እንክብካቤ ተካቶ፣ የደረቀውን ዛፍ ዲዛይን ያደረገውና የተከለው አካል መልሶ እንዲተክል ቢገደድ የትኛው ቢሮ አፈር እንደሚያውቅ ያለ ታፔላ ይለያል። አሁን ባለው አሰራር ርክክቡ ካለቀ በኋላ ሚመጣው ሁሉ ወደ ከተማ አስተዳደሩ ነው ሚሄደው፣ ለዲዛይነሩም የደረቀው ለምን እንደደረቀ ሚነግረው ሰው የለም፣ ቀጣዩ ፕሮጀክት ላይ ያንኑ ጉድጓድ በዛው ስፋት ይስላል።